መስኮቱ የማይከፈት ክፍል

የጉዞ ወኪሏ የመርከቧን ፕላን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ተጠቅልሎ የኖረ ወረቀት አልተኛም ስላላት አንዱን ጥግ በማኅተም፣ አንዱን በስቴፕለር፣ ሌላውን በስልኳ አስጫነችው፤ አራተኛውን ራሷ በክንዷ ያዘችው። ፊት ለፊቷ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፦ እናት፣ ትልቋ ልጅና ታናሽ ወንድሟ። አባትየው ኮቱን ጭኑ ላይ አጥፎ፣ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ሆኖ አላፊ አግዳሚውን ያያል።

«ሦስት ዓይነት ክፍል አለን» አለች ወኪሏ። «መስኮት የሌለው የውስጥ ክፍል፣ መስኮት ያለው ግን መስኮቱ የማይከፈት፣ ከዚያ ደግሞ በረንዳ ያለው። መርከቧ ስድስት ቀን በገደሎቹ መሃል ነው የምትሄደው። ፏፏቴው ጋ ስትደርስ ፊታችሁ እስኪረጥብ ነው የምትጠጋው። እውነቱን ንገሪን ካላችሁኝ፣ ለዚህ ጉዞ በረንዳ ነው።»

ሐሳቡ የትልቋ ልጅ ነበር። የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ናት፤ ሰው እያመነታ ሲያስቸግር ወስና መገላገል የለመደች። አባቷ የመርሳት በሽታ እንደያዘው ከተነገራቸው ሦስት ዓመት ሊሆን ነው። «ጨርሶ ሳይረሳን አንድ ላይ አንድ ቦታ እንሂድ» ብላ ወንድሟንም ፈቃድ አስወጣችው።

«በረንዳውን እርሺው እትዬ» አለ ወንድሟ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ አደጋን ከሩቅ ማሽተት ሥራው ነው። «አባዬ ብረቱን ልሻገር ቢልስ? የውስጡ ይሻላል። በሩን መቆለፍ ነው፣ አለቀ።»

«ገደልና ፏፏቴ ለማየት ሄደው ስድስት ቀን ግድግዳ ሲያዩ ሊከርሙ?»

«ግድግዳ ሰው አይገድልም።»

እናትየው ታዳምጣቸዋለች። ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። የስንቱ ትዳር፣ የስንቱ መርዶ፣ የስንቱ ውሽማ በጆሮዋ አልፏል፤ በጆሮዋ የገባ ግን በአፏ ወጥቶ አያውቅም። የሰው ገመና እንዲያ የተቀመጠላት ሴት የራሷን ለመያዝ ምን አስተማሪ ያስፈልጋታል?

እሷ የምታውቀው ይሄ ነበር። ባሏ ጠዋት ጠዋት ሰው ነው። ይቀልዳል፣ ያመሰግናል፣ የበላበትን ሳህን ያነሳል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን አንድ ነገር ይገባበታል። ቤቱ ቤቱ መሆኑ ይጠፋበታል፤ እሷም ሚስቱ መሆኗ። መስታወት ውስጥ የራሱን ፊት ሲያይ ሌላ ወንድ ቤቱ የገባ ይመስለዋል፤ የሚከፍለው ደግሞ የእሷ ክንድ ነው። ቤት ውስጥ ከነበሩት ሦስት መስታወቶች አንዱ «ተሰብሮ»፣ አንዱ «ዝጎ»፣ አንዱ «ጎረቤት ተውሶት» የጠፋው ለዚህ ነበር። ልጆቿ አልጠየቋትም። በሙቀት ወር ረጅም እጅጌ ለምን እንደምትለብስም አልጠየቋት።

መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ከዋለ ቀኑ ሁሉ ለእሱ ማምሻ ይሆናል። በረንዳውማ አይታሰብም።

«መስኮቱ የማይከፈተው ይሁን» አለች።

ሁለቱም ዞረው አዩዋት። ከገባች ጀምሮ ገና መናገሯ ነበር።

«አንድ ነገር ደግሞ አለ። ከእናንተ ክፍል ራቅ ያለ ይሁንልኝ። እናንተ ከፊት ከሆናችሁ እኛ ከኋላ።»

«ለምን?» አለች ልጅቷ።

መልስ ሳታዘጋጅ ነበር የተናገረችው። ያዳነቻት ወኪሏ ናት። «እማማ ጫጉላቸውን ሊደግሙት ነው መሰለኝ» ስትል ወንድምየው ሳቀ፣ እናትየውም ከእሱ ጋር ሳቀች። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ቅር ብሏታል።

ይኼኔ አባትየው ተነስቶ መጣ። አርባ ዓመት መንገድ የቀየሰ ሰው ነው፤ ፕላን ካየ አያስችለውም። ጎንበስ ብሎ መለኪያውን ከጥግ አነበበ፣ በአውራ ጣቱና በጠቋሚው ክፍሏን ለካት። «አራት ሜትር ከሃያ» አለ። «ሁለት ሜትር አልጋ ካስገባችሁባት የቁም ሳጥኑ በር ሰውየውን ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል።»

ወኪሏ ከልቧ ሳቀች። «የሚንሸራተት በር ነው ጋሼ።»

«ከተንሸራተተማ ጥሩ ነው፤ ሰውየው ተረፈ።»

ልጁ ዐይኑ እንባ አቅርሮ ወደ እናቱ ዞረ። «አየሽ እማዬ? ደህና እኮ ነው።»

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ልጅቷ ብቻዋን ወደ ወኪሏ ቢሮ ተመለሰች። እናቷ ላለማስቸገር ስትል ነው ሩቅ ክፍል የጠየቀችው ብላ ደምድማ ነበር። ያቺ ሴት ለሰው ሸክም መሆን ሞቷ ነው። ስለዚህ ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ፣ በመሃል የሚያገናኝ በር ወዳላቸው ክፍሎች አስቀየረች። ለማንም አልተናገረችም።

እናትየው መርከቧ ላይ ወጥታ፣ የመተላለፊያውን ቁጥሮች እየቆጠረች ክፍላቸው በር ላይ ስትደርስ ቀጣዩን በር ልጇ ስትከፍት አየች። ልጅቷ ፈገግ አለች። «አጠገብሽ ነን። በመሃልም በር አለው።»

«እንዲህ ነው እንዴ?» አለች እናትየው።

«ደስ አላለሽም?»

«ብሎኛል ልጄ። እንዴት አይለኝ።»

ገብታ መጀመሪያ ያደረገችው የቁም ሳጥኑን መስታወት በትልቁ ፎጣ መሸፈን ነበር። ቀጥላ የመሃሉን በር መቀርቀሪያ ፈለገች፤ ቁልፉ በልጆቿ በኩል ነው።

ሁለት ቀን በሰላም አለፈ። ባሏ ከቁርስ እስከ ምሳ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ገደሎቹን ይቆጥራል። «ይሄን ተመልከቺው፤ ሰባ ዲግሪ ነው። እዚህ መንገድ አውጣ ያለኝ ሰው ቢኖር ሥራዬን እለቅ ነበር» ይላታል። እሷም አጠገቡ ሆና፣ ስንት ዓመት የተመኘችውን ውሃና ድንጋይ በዐይኗ ጠጣች። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን መድኃኒቱን ሰጥታ፣ መጋረጃውን ዘግታ፣ በጊዜ ታስተኛዋለች። ልጆቿ ለእራት ሲያንኳኩ «ደክሞታል፣ እናንተ ብሉ» ትላለች። መሽቶ መስሎት እንዲተኛ ሹክሹክታ እንኳ አትፈቅድም።

በሦስተኛው ቀን መርከቧ ወደ ጠባቡ መተላለፊያ ገባች። ገደሉ በግራም በቀኝም ቀጥ ብሎ ወጥቶ ሰማዩን መንገድ አሳክሎት ነበር። ፀሐይ ከኋላው ስትገባ ሰዓቱ ገና ዘጠኝ ነው። እናትየው ሰዓት ነበር የምትጠብቀው፤ ገደል ቀን ያጨልማል ብላ አላሰበችም። በድምፅ ማጉያው ፏፏቴው መድረሱ ሲነገር ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ላይኛው ወለል ተግተለተለ። ልጆቿም አንኳኩተው ጠሯት። «ከመስኮቱ እናያለን፣ ሂዱ» አለቻቸው።

ክፍሉ ስለጨለመባት መብራት አበራች። ያኔ መስኮቱ ውጪውን ማሳየት ትቶ የውስጡን አሳየ።

«ማነው ይሄ ሰውዬ?» አለ ባሏ።

«የት?»

«አጠገብሽ የቆመው።»

ቀና ስትል ጥቁሩ መስታወት ላይ ራሷንና እሱን ጎን ለጎን አየች። «አንተ እኮ ነህ። መስኮት ነው። ቆይ መጋረጃውን ልዝጋው።»

መጋረጃው ጋ ለመድረስ ወደ መስኮቱ መሄድ ነበረባት። በእሱ ዐይን ግን ወደ ሰውየው መሄዷ ነበር። ክንዷን ያዘ። ጠመዘዘው። መቀየሻ መሣሪያ ከነእግሩ ተሸክሞ ተራራ ሲወጣ የኖረ እጅ፣ ሰባ ሁለት ዓመት ሞልቶትም ጉልበቱ አልከዳውም። አንድ ነገር ቀጭ አለ። እሷ አልጮኸችም፤ አለመጮህ ከለመደች ሁለት ዓመት ሆኗታል። የጮኸው እሱ ነበር። ከአፉ የወጣው ስድብ በቤታቸው ተሰምቶ የማያውቅ ነው።

ልጅቷ በዚያው ቅጽበት ለራሷ ሹራብ ልትወስድ ከላይ ተመልሳ ነበር። የአባቷን ድምፅ በግድግዳው በኩል ሰማች። መጀመሪያ የሌላ ክፍል ሰው መሰላት። ከዚያ የመሃሉን በር ከፈተች።

እናቷ ቁም ሳጥኑ ላይ ተጣብቃለች። ፎጣው ወድቋል። አባቷ የእናቷን ክንድ ወደ ኋላ አጥፎ ይዟል። እናቷ ልጇን ስታይ ያለችው አንድ ቃል ብቻ ነው፦

«ዝጊው።»

ልጅቷ ወንድሟን ጠርታ መጣች። ወንድምየው አባቱን በትከሻው አቅፎ አላቀቀው። አባትየው ግራ ገብቶት አየውና «አንተ ደግሞ የማን ወገን ነህ?» አለው። ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

የመርከቧ ሐኪም የእናትየውን እጅ በጀሶ አሰረ። እጅጌዋን ሲሰበስብ ከክርኗ በላይ ቢጫና ወይን ጠጅ የሆኑ አሮጌ ምልክቶችን አየ። «እነዚህስ?» አላት።

«ወድቄ ነው።»

ሐኪሙ ጀሶውን ማሰሩን ቀጠለ። ልጅቷ ግን የሌላኛውን እጅ እጅጌ ራሷ ሰበሰበችው።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ ልጆች እናታቸውን ባዶ የመመገቢያ አዳራሽ ውስጥ በመሃላቸው አስቀመጧት። አባትየውን አንዲት የመርከቧ ነርስ ይዛው ነበር።

«ስንት ጊዜው ነው?» አለች ልጅቷ።

«ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።»

«ሩቅ ክፍል ያልሽው ለዚህ ነው?»

«አባታችሁን እንደምታውቁት ሆኖ እንድትሸኙት ብዬ ነው። እኔ ቻልኩት፤ ለእናንተ ምን ያደርግላችኋል?»

«በሽታው ነው» አለ ልጁ። እናቱን ሊያጽናና ነበር፤ ራሱንም። ያልተሰበረውን እጇን ያዘ። «አባዬ እንዲህ ያለ ሰው አይደለም። በሽታው ነው።»

እናትየው ራሷን ነቀነቀች። ነገሩ እዚያ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር።

«ከበሽታው በፊትማ ነክቶሽ አያውቅም» አለ ልጁ። «አያውቅም አይደል?»

አንዲት ቃል ነበር የሚፈልገው። እሷ ደግሞ ዕድሜ ልኳን ከዚያ የከበደ ስትደብቅ የኖረች ናት። ግን ሌሊቱን ዐይኗን አልከደነችም፣ እጇ ይጠዘጥዛታል፣ ደክሟታል።

«ሁለት ጊዜ» አለች። «አንተ አልተወለድክም ነበር። እህትህን ታቅፌ ነበር። ከዚያ ተወው። አርባ ዓመት ሙሉ እጁን አላነሳብኝም።»

ልጁ እጇን ለቀቀ። ገፍትሮ አልነበረም፤ ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ተነስቶ ሄደ።

«ምነው እማ» አለች ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ይሄንንስ ሆድ ይፍጀው ብትይ ምናለበት?»

«እስከ ዛሬ የፈጀው አይበቃውም?»

በቀሩት ሦስት ቀናት ልጁ ከአባቱ አልተለየም። አበላው፣ ሽንት ቤት ወሰደው፣ ከምሳ በኋላ መጋረጃ ዘጋ፣ በእናቱ አልጋ ላይ እሱ ተኛ። ቃል ግን አልተነፈሰም። አባትየው ስለ ገደሎቹ ሲያጫውተው ወደ ግድግዳው ያያል። እናትየው በልጇ ክፍል ሆና ውሃው ሲያልፍ አየች። ፏፏቴ የተባለውን እስከ መጨረሻው አላየችውም።

ከተመለሱ በኋላ ልጅቷ በሳምንቱ የአረጋውያን መጦሪያ አገኘች። እናትየው በግራ እጇ ፈረመች።

እዚያ ባሏ ደስ የሚል ሰው ወጣው። አስታማሚዎቹ «እንዲህ ያለ ጨዋ አይተን አናውቅም፤ ውሃ ስንሰጠው ከመቀመጫው ብድግ ይላል» ይሏታል። «የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ» ትላለች በሆዷ። ይህን ተረት ለእሱ መጀመሪያ ያለችው ልጇን ታቅፋ፣ አንድ ጉንጯ አብጦ ነበር። በሽታው ነው ያመጣበት ወይስ ተከድኖ የኖረውን ነው የከፈተው? ይህን አውጥታ አውርዳ መልስ አላገኘችለትም። የሚጠየቅም ሰው የለም፤ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር፣ እሱ ደግሞ ረስቶታል።

በየቀኑ ጠዋት በአውቶቡስ እየሄደች ከስምንት ሰዓት በፊት ትመለሳለች። ልጅቷ በሳምንት አንዴ ትመጣለች። ልጁ አልመጣም። እናቱ ቤት ሲመጣ የተበላሸ ሶኬት ይሠራል፣ ምሳ ይበላል፣ አባቱን አያነሳም። እውነቱን ባልነግረው ኖሮ ትላለች አንዳንዴ። ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ ነገርኩት፣ ምን ላድርግ ትላለች።

አንድ ሐሙስ ዝናቡ አላቆም ሲል ልጁ በመኪናው ወሰዳት። በሩ ላይ ሲደርሱ አልወረደም። ሞተሩን እንዳስነሳ፣ የዝናብ መጥረጊያው እንደሚወዛወዝ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቃት። ስትመለስ እስክትቀመጥ ቆየና መሪውን እያየ ጠየቃት።

«እንዴት ነው?»

ከመርከቧ ወዲህ ስለ አባቱ ሲጠይቃት የመጀመሪያው ነበር።

«ማንን ፈልገው ነው አለኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«ባለቤቴን አልኩት። እስኪመጣ ቁጭ ይበሉ ብሎ ወንበር ሳበልኝ።»

ልጁ ማርሽ አስገብቶ ወደ መንገዱ ወጣ።