የረቡዕ ቴርሚን

አቶ ይልማ በሚኖሩበት በፈረንጅ አገር ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት የጉልበት ቴርሚን፣ ማለትም የሐኪም ቀጠሮ፣ አላቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሉወርቅ ቀጠሮውን የኩሽናው ቀን መቁጠሪያ ላይ በእጃቸው ጽፈውታል። ጉልበታቸውን የሚያይ ሐኪም ግን የለም። ሰውየው የሚሄዱት ባንሆፍስፊርቴል በሚባለው የባቡር ጣቢያ ሰፈር፣ ከአንድ ቢሊያርድ ቤት ጓሮ ወዳለው የፖከር ካርታ መጫወቻ ክፍል ነው። ጨዋታው የገንዘብ አይደለም፤ ያሸነፈ ሰው ዕቃ ይሸለማል። ቢሆንም እሳት ካየው ምን ለየው፤ እንደ እሳቸው ላለ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ካርታ ካርታ ነው። አምና ያሸነፉትን ትልቅ መጥበሻ እንኳ "በቅናሽ አገኘሁት" ብለው ነው ቤት ያስገቡት።

አንድ ረቡዕ ጠረጴዛቸው ሰው አነሰበትና የመጫወቻ ጠጠራቸውን በሳህን ይዘው ወደ ሌላ ጠረጴዛ ተዛወሩ። እዚያ ማን ተቀምጦ ቢያዩ ጥሩ ነው? ወንድዬ! ኤርፖርት ሻንጣ የሚጭነው፣ በመጪው ቅዳሜ ልጃቸውን ቤቴልን ለማግባት ሽማግሌ የሚልክባቸው ወንድዬ።

አቶ ይልማ ደነገጡ። ልጁም ደነገጠ፤ ግን አቀርቅሮ ያላየ አልመሰለም። ብድግ አለና ጠረጴዛውን ዞሮ ሳህኑን ተቀበላቸው፤ ወንበርም ሳበላቸው።

"ኖር ጋሼ፣ ይቀመጡ።"

በዚያ ቤት ደንብ፣ ካርታ ከታደለ በኋላ ከወንበሩ የራቀ ሰው ጨዋታው ያልፈዋል። ካርታ አዳይዋ የወንድዬን ሁለት ካርታዎች ሰበሰበች፤ ስትሰበስብ ከእጇ አምልጠው ተገለበጡ። ሁለቱም አስ ናቸው። ሲጀመር ከዚህ የሚበልጥ ካርታ የለም። የጠጠሩን ግማሽ አስይዞበት ስለነበር ጠጠሩም ጠረጴዛው መሃል ቀርቶ ተበላ።

"ምነው ተነሣህ?" አሉት በሹክሹክታ።

"እርስዎ ቆመው እንዴት ልቀመጥ?"

ሳህናቸውን ፊታቸው አስቀመጠላቸውና ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ቅዳሜ ሦስት ሽማግሌዎች ፕሮይንገስሃይም ሰፈር ወደሚገኘው የአቶ ይልማ ቤት መጡ። እሺ ሳትሉን አንቀመጥም ብለው በወጉ መሠረት ሳሎን መሃል ቆሙ። ቤቴል ከኩሽናው በር ጀርባ ታዳምጣለች። አፈ ጉባኤው አቶ ተገኝ የልጁን ጠባይ አመስግነው ሳይጨርሱ ወይዘሮ ሙሉወርቅ አቋረጧቸው።

"ካርታ ቤት ይገባል ሲባል ሰምቻለሁ። ከዝንብ ማር አይጠበቅም፤ ለቁማርተኛ ልጄን አልሰጥም።"

"ኧረ የሰው ወሬ ነው፣ እመቤቴ! በዓይኑ ያየ ሰው አለ?" አሉ አቶ ተገኝ።

አቶ ይልማ ምንጣፉን አዩ። ዝም ቢሉ ቴርሚናቸውም ክብራቸውም ይተርፋል፤ የምትጎዳው ልጃቸው ናት። እንዲህ ማሰባቸው ራሱ አሳፈራቸው።

"እኔ አይቻለሁ" አሉ። "ይገባል። ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ስጫወት ነበር።"

አቶ ይልማ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

"ሁለት አስ ይዞ፣ ቆሜ ሲያየኝ ካርታውን ትቶ ተነሣልኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔ ብሆን አልነሣም ነበር።"

ሽማግሌዎቹ ስለ አስ የሚያውቁት ነገር የለም፤ እርስ በርስ ተያዩ። ወይዘሮ ሙሉወርቅ ግን ዓይናቸውን ከባላቸው ላይ አልነቀሉም።

"ጉልበትህስ?"

"ደህና ነው።"

"መጥበሻውስ?"

"አሸንፌው ነው።"

ወይዘሮዋ ወደ ኩሽናው ዞረው አዩ። ከኩሽናው በር ጀርባ የቤቴል እስትንፋስ ይሰማል።

"በል እንግዲህ" አሉ በመጨረሻ፣ "ሰዎቹን ተቀመጡ በላቸው።"