ሃያ ሁለቱ ዳቦዎች

መምህርት ያስና ፎቶውን ከሣጥኑ ስታወጣ ሳንዳልዮ ክው አለ። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ከሠርግና ከክርስትና ፎቶዎች ሥር ቀብሮት ኖሯል። ሣጥኑን አንስቶ ሲሰጣት ረስቶት ይሁን ወይስ እንድታገኘው ፈልጎ፣ እሱ ራሱ አያውቀውም።

"ዶን ሳንዳልዮ! ይሄን የት ደብቀውት ነው?" አለች ያስና ወደ መስኮቱ እያስጠጋችው። "እሁድ መግቢያው ላይ የምሰቅለው ይሄንን ነው። በቃ፣ ሌላ አልፈልግም።"

"ደብዝዟል፣ ተይው።"

"የደበዘዘውስ የእርስዎ ዓይን ነው!"

የፑንታ ሶምብሪያ የከሰል ጉድጓድ ከተዘጋ አራት ዓመቱ ነው። ጉድጓዱ ከባሕሩ ሥር ነበር የሚሄደው፤ ወንዶቹ ዓሣ ከበላያቸው እየዋኘ ከሰል ሲቆፍሩ ኖረው አሁን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ያስላሉ። ወጣቱ ጓዙን ጠቅልሎ ኮንሴፕሲዮን ከተማ ገብቷል። ያስና ታዲያ መንደሩ ጨርሶ ሳይረሳ የድሮ ፎቶዎቹን በሠራተኛ ማኅበሩ አዳራሽ ልታሳይ ተነሳች። ፎቶዎቹን ያነሳው የመንደሩ ብቸኛ ፎቶ አንሺ ሳንዳልዮ ነው። በየፎቶው ላይ ያለውን ሰው ስም የምትነግራት ደግሞ ግሪሴልዳ ናት። ሰማንያ ዓመቷ ነው፤ የሞተውንም የተሰደደውንም፣ ማን የማንን ዶሮ እንደሰረቀ ሳይቀር አትስትም።

ፎቶው የጋራ ምድጃውን ያሳያል። የማዕድን ሠራተኞቹ ቤቶች ለየራሳቸው ምድጃ አልነበራቸውም፤ ሴቶቹ ተራ ይዘው ነበር የሚጋግሩት። ዳቦ ከዳቦ እንዳይቀላቀል እያንዳንዷ በሊጡ ላይ የራሷን ምልክት ታትማለች። ግሪሴልዳ በቢላ ጀርባ መስቀል ታደርጋለች። ሐሙስ ሐሙስ ከእሷ ቀጥላ ተራ የነበራት ጎረቤቷ ኦቲሊያ ደግሞ የአባቷን ካፖርት ቁልፍ፣ ባለ አራት ቀዳዳውን፣ ትጫንበታለች። ሳንዳልዮ ወንደላጤ ስለሆነ ሴቶቹ እስከ ዛሬ በየተራቸው ቀን አንድ አንድ ዳቦ በሩ ላይ ያስቀምጡለታል። ማን እንደላከችው ለማወቅ ምልክቱን ማየት ይበቃዋል።

ያን ፎቶ ያነሳው በትልቁ አድማ ጊዜ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት ነው። ግሪሴልዳ ዳቦ የተደረደረበትን ጣውላ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ከምድጃው ዞር ስትል፣ ኦቲሊያ ከኋላዋ ሊጧን ይዛ እየሳቀች፣ ጭሱ ወደ ባሕሩ ሲነፍስ። እንዲህ ያለ ፎቶ አንስቶ አያውቅም። በደስታ ሰክሮ በማግስቱ በፎቶ ሱቁ መስኮት ላይ አቆመው።

ከሰዓት በኋላ የከሰል ኩባንያው ዘበኞች አለቃ ባራኦና መጣና መስኮቱ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ ፈገግ ብሎ ገባ።

"እጅህ ይባረክ! እንዴት ያለ ፎቶ ነው!" አለው። "ይሄ መስቀሉ የማን ቤት ዳቦ ነው?"

"የግሪሴልዳ ነዋ" አለ ሳንዳልዮ።

"ስንት ናቸው እነሱ?"

"ሦስት። እሷ፣ ኖልቤርቶና ትንሿ ልጅ።"

ባራኦና በጣቱ መስታወቱን እየነካ ዳቦዎቹን ቆጠረ፣ አመስግኖ ወጣ። ሳንዳልዮ በሙገሳው ልቡ አብጦ ስለነበር ምን እንደተጠየቀ፣ ያ ሁሉ ዳቦም ለሦስት ሰው ብቻ እንደማይሆን የገባው ሲመሽ ነው። ያኔ እንኳ ሮጦ ለግሪሴልዳ መንገር ይችል ነበር። ተሳስቼ ይሆናል፣ ነገ አያታለሁ ብሎ ተኛ።

ሲነጋ ዘበኞቹ የግሪሴልዳን በር ሰብረው ገቡ። ኮርኒሱ ውስጥ የተደበቁትን አራት የአድማ መሪዎች አወረዱ። ባሏን ኖልቤርቶንም ጨምረው ወደ ሰሜኑ በረሃ በግዞት ላኳቸው። ከስድስት ወር በኋላ ኖልቤርቶ በሳንባ ምች መሞቱን የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ።

ማን ነገረ? ሠፈሩ ለመፍረድ አንድ ቀን አልፈጀበትም። የግሪሴልዳን ዳቦ መብዛት ሊያይ የሚችለው ከእሷ ቀጥሎ ተራ የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ኦቲሊያ ናት። ፎቶውን ማንም አላሰበውም፤ ሳንዳልዮ በዚያው ጠዋት ከመስኮቱ አንስቶት ነበር። ኦቲሊያን የሰደባት የለም፣ የመታትም የለም። ተራዋን ዘለሉባት፣ ይኸው ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቷ ውስጥ ቆርቆሮ ላይ ትጋግር ጀመር፤ ዳቦዋም ሁልጊዜ ሥሩ ያርራል። ሐሙስ ሐሙስ ግን አንዱን ለሳንዳልዮ መላኳን አልተወችም። እሱም በላ። እያነቀው ቢሆን አንድ ነገር ነበር፤ ቅቤ ቀብቶ ነው የበላው። በመጀመሪያ ፈራ፣ ቀጥሎ አፈረ፣ በኋላ ለመደው። ዛሬ ነገ ሲል ኦቲሊያ ባለፈው ክረምት ሞተች።

ያስናና ሳንዳልዮ ፎቶው ላይ ሲከራከሩ ግሪሴልዳ ከዘራዋን እያንኳኳች አዳራሹ ገባች።

"ዛሬ ደግሞ የማንን ሬሳ ነው የምታስነሱኝ?" ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "አንተስ ሽማግሌ፣ ምነው ፊትህ እንዲህ አመድ መሰለ? ቁርስ የምትሰጥህ አጣህ?"

ያስና ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችላት። ግሪሴልዳ መነጽሯን አስተካክላ አየች፤ ፊቷ በራ።

"እኔ ነኝ እኮ! ይሄን አንገት እይልኝ። ሽማግሌው፣ እንዲህ ቆንጆ ነበርኩና ዝም አልከኝ?" አለች እየሳቀች። ወዲያው ዓይኗ ከኋላዋ ያለችው ሴት ላይ አረፈ። ሳቋ ጠፋ። "መቀስ አምጪልኝ።"

"ለምን?"

"ይቺን ቁረጫት። ባሌን ከበላች ሴት ጋር አንድ ግድግዳ ላይ አልሰቀልም።"

"ዶኛ ግሪሴልዳ፣ ፎቶ እኮ አይቆረጥም..."

"መቀስ አልኩሽ!"

ያስና ግራ ገብቷት ሳንዳልዮን አየችው። እሱ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ይዞ ነበር።

"ግሪሴልዳ፣ እሷ አይደለችም" አለ።

"ምኗ ነው እሷ ያልሆነው?"

"የነገረችው። ባራኦና ዳቦውን የቆጠረው ከዚህ ፎቶ ላይ ነው። መስኮቴ ላይ ቆሞ። የማን ነው አለኝ፣ ነገርኩት። ስንት ናቸው አለኝ፣ ሦስት አልኩት።"

ግሪሴልዳ ጣቷን ፎቶው ላይ አሳርፋ መቁጠር ጀመረች። ሁለት ጊዜ ተሳስታ እንደገና ከአንድ ጀመረች።

"ሃያ ሁለት" አለች በመጨረሻ። "ሃያ ሦስት ነበር የጋገርኩት። አንዱን፣ ጣውላውን ከማንሳቴ በፊት፣ ላንተ ልኬው ነበር።"

ሳንዳልዮ አቀረቀረ።

"በላኸው?"

"በልቼዋለሁ።"

"ኦቲሊያ ቀብር ሄደህ ነበር?"

"ሄጄ ነበር።"

"ስንት ሰው ነበር?"

"ከቄሱ ጋር አራት።"

"እኔ አስከሬኗ በደጄ ሲያልፍ መጋረጃዬን ዘጋሁ" አለች ግሪሴልዳ። "ልጄን እንኳ በመስኮት እንዳታይ ከልክያታለሁ። አንተ ያን ጊዜ ከሬሳ ሣጥኑ ጀርባ አይተኸኛል። ባርኔጣህን አንስተህ ሰላም ብለኸኛል።"

እውነት ነበር። ሳንዳልዮ ማልቀስ ጀመረ፤ እሷ ግን አላየችውም። ወደ ያስና ዞረች።

"መቀሱን ተዪው። ሙሉውን ስቀዪው። ስሟንም ከእኔ በፊት ጻፊው።"

"እሱስ?" አለች ያስና ቀስ ብላ።

"የተናገረውን በገዛ እጁ ይጻፍ።"

ጻፈ። እሁድ ሕዝቡ አዳራሹን ሞላው። እየሳቁ፣ እየተጠቋቆሙ ይገቡና መግቢያው ላይ ያለውን ወረቀት ሲያነቡ ድምፃቸው ይጠፋል። ሳንዳልዮ ፎቶው አጠገብ እስከ ማታ ቆመ። አንድም ሰው አልሰደበውም። አብረውት ያረጁት ሴቶች በየተራ አነበቡ፣ ምድጃው ላይ ኦቲሊያን የገፉበትን ቀን እያስታወሱ መሬት መሬት እያዩ አለፉት።

በሳምንቱ ውስጥ ሰኞም ማክሰኞም ረቡዕም በሩ ላይ ዳቦ አልነበረም። ሐሙስ ጠዋት ግን በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አገኘ። የግሪሴልዳን ጨርቅ ያውቀዋል። ይቅር አለችኝ ብሎ ፈታው።

ዳቦው ላይ መስቀል የለም። አራት ቀዳዳ ያለው የካፖርት ቁልፍ ታትሞበታል። ገለበጠው፤ ሥሩ አርሯል።

ቁልፉን ከየት እንዳመጣችው በኋላ ያስና ነገረችው። ግሪሴልዳ ከእሁድ ጀምሮ ለሦስት ቀን የኦቲሊያን እህት ልጅ በር ስታንኳኳ ሰንብታ፣ በአራተኛው ቀን ተከፍቶላት ነው። ከዚያ ወዲህ በጋራ ምድጃው አልጋገረችም። ቤቷ ውስጥ ቆርቆሮ ላይ ነው የምትጋግረው።

ሳንዳልዮ ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ አኑሮ ቆረሰው። ቅቤውን ከመደርደሪያው አወረደ፣ ትንሽ ይዞት ቆየና መልሶ አስቀመጠው።

ደረቁን በላው።