የትንሿ ምድጃ ልክ

ሰማያዊው ቱታ ከአጥሩ በላይ ብቅ ሲል ሎሬይን ብሩሹን ቀለም ውስጥ እንደነከረች ቀረች። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። በደህናው ዘመን ቢሆን በዚህ ሰዓት እሷም ያንኑ ቱታ ለብሳ፣ ምሳዋን በብብቷ ሸጉጣ፣ በዚሁ መንገድ ቁልቁል ቦዩ ዳር ወዳለው ፋብሪካ ትወርድ ነበር። አሁን ግን አጥሯን እየቀባች ነው፤ በሰባት ሳምንት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ። መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ግራጫ፣ ዛሬ ደግሞ ነጭ።

«ደግሞ ነጭ?» አለች ጃኒስ እርምጃዋን ሳትገታ። «አጥርሽ ከእኔ ይበልጥ ልብስ አለው እኮ!»

«ምን ይደረግ፣ ሥራ ፈት ነኝ። እናንተ ጀግኖቹ ሥሩልን።»

«ፊትሽማ ስፔን ፀሐይ ሲሞቅ የከረመ ሰው መስሏል።»

«ያንቺ ደግሞ ምድጃ ውስጥ ያደረ።»

ሁለቱም ሳቁ። ከጥርስ ያላለፈ ሳቅ ነበር። ጃኒስ አንድ ነገር ልትጨምር እንዳሰበች ዞር አለችና ትታው ሄደች። ሎሬይን ጀርባዋን እስከ መታጠፊያው ድረስ በዓይኗ ሸኘችው፤ ከብሩሹ የተንጠባጠበው ቀለም ጫማዋን ነጭ እንዳደረገው ያየችው በኋላ ነው።

መጋቢት ላይ ወረርሽኙ ሲበረታ የሸክላ ፋብሪካው ተዘግቶ ሠላሳ ስድስቱም ሠራተኞች ቤታቸው ገብተው ነበር። ያኔ ሁሉም እኩል ስለነበር ማንም በማንም አልተቀየመም። ግንቦት ሲገባ ግን አንድ ትእዛዝ መጣ፤ ለከተማው ሆስፒታል ነርሶች ምስጋና የሚሆን፣ ቀስተ ደመና የተሳለበት ስምንት መቶ ኩባያ። ባለቤቱ ሚስተር ባግናል ስድስት ሰው መርጦ ጠራ። ሠላሳው በ«ግዳጅ ዕረፍት» እንዲቆዩ ደብዳቤ ደረሳቸው። መንግሥት አብዛኛውን ደመወዛቸውን ይከፍላል፤ እነሱ ደግሞ ለድርጅቱ ምንም ዓይነት ሥራ እንዳይሠሩ፣ ምክር እንኳ እንዳይሰጡ፣ ደብዳቤው ሁለት ቦታ አስምሮ ያስጠነቅቃል።

ከዚያ ወዲህ ቤት የቀሩት የሚሠሩትን «የባግናል ምርጦች» ይሏቸው ጀመር። የሚሠሩት ደግሞ ቤት የቀሩትን «ፀሐይ ሞቂዎች»። ሱቅ በር ላይ ሰልፍ ሲይዙ ሁለት ሜትር ተራርቀው ይቆማሉ፤ ሁለቱ ሜትር ለበሽታው ይሁን ለቂሙ፣ የሚያውቀው የቆመው ሰው ብቻ ነው።

የሎሬይን ቂም ግን እንደ ሌላው ሰው ቂም ተራ አልነበረም፤ ስምና አድራሻ ነበረው። ሃያ ሰባት ዓመት ምድጃ ያነደደች ሴት ናት። ጃኒስን ያስተማረቻት እሷ ናት። ኩባያ በመደርደሪያ ላይ ጆሮ ለጆሮ ሳይነካካ እንዴት እንደሚጫን፣ የምድጃ በር እንደምን ባለ ትዕግሥት እንደሚከፈት፣ ሁሉንም። ታዲያ ባግናል ደውሎ «ይቅርታ ሎሬይን፣ ለምድጃው ጃኒስን ወስጃለሁ» ሲላት ምክንያቱን ጠየቀችው። ሰውዬው መዋሸት አያውቅበትም። «ጃኒስ ስለ አስምሽ ነገረችኝ። ሳንባዋ አይችለውም፣ ተዋት አለችኝ» አላት። ሎሬይን ስልኩን ዘግታ ወጥ ቤቷ ውስጥ ቆመች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጧት ጧት ከእንቅልፏ ስትነቃ የሚቀድማት ያች ዓረፍተ ነገር ናት።

አራት ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ። ከጃኒስ የመጣ መልእክት ነበር።

«ትንሿን ምድጃ ዛሬ ላበራት ነው። በሩ ላይ የተለጠፈው የሙቀት ካርድ ስምንት መቶ ዲግሪ ይላል። አንቺ ግን ሁልጊዜ ዝቅ ስታደርጊው ያየሁ ይመስለኛል። ስንት ነው የምታደርጊው? ባግናል አልሰማም፣ በመሃላችን ይሁን።»

ሎሬይን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያም በሳምንታት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አላት። የሚያሳፍር ደስታ ነበር፤ አላፈረችበትም።

ልኩ ሰባት መቶ ስልሳ ዲግሪ ነው። ይህን በዓለም ላይ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ካቻምና ክረምት ሥዕል ያለበት ዕቃ የሚጠበስባት የትንሿ ምድጃ ሙቀት መለኪያ ሲለወጥ አዲሱ መለኪያ አርባ ዝቅ አድርጎ የሚያነብ ሆኖ ተገኘ። እሱ ስምንት መቶ ሲል ውስጡ ስምንት መቶ አርባ ነው። ለነጩ ሸክላ ያ ምንም አይደለም፤ ለቀለሙ ግን ሞት ነው። ከቀለም ሁሉ ደግሞ ቀዩ ነው መጀመሪያ የሚሞተው፤ ይቃጠልና የዛገ ቆርቆሮ ይመስላል። ሎሬይን ይህን ያወቀችው ጽጌረዳ የተሳለባቸውን አንድ መቶ ሃያ ሳህኖች አበላሽታ ነበር። ጃኒስ ያን ሳምንት እረፍት ላይ ነበረች። ሎሬይን ሳህኖቹን ለብቻዋ ሰባብራ፣ በጆንያ ሞልታ፣ ቦዩ ውስጥ ጣለቻቸው። ለማንም አልተናገረችም፤ ካርዱንም አላረመችም። መጀመሪያ ከሃፍረት ነበር። ኋላ ግን በሌላ ምክንያት ሆነ። ልኩ በጭንቅላቷ ውስጥ ብቻ እስካለ ድረስ ያለ እሷ ትንሿ ምድጃ አትበራም፣ እሷም ከሥራዋ የሚያፈናቅላት የለም ብላ አሰበች። ይኸውና አፈናቀሏት።

መልሱን ረጋ ብላ ጻፈች። «በግዳጅ ዕረፍት ላይ ስለሆንኩ ለድርጅቱ ምክር መስጠት በደብዳቤ ተከልክያለሁ። ይቅርታ።» «ይቅርታ» የሚለውን አጠፋችው፤ አሰበችበትና መልሳ ጻፈችው። ካለመኖሩ ይልቅ መኖሩ ያምማል።

ከዚያ በኋላ የአጥሩ ቅብ በአንድ ጊዜ ፈጠነላት። እየቀባች የነገውን ጧት በዓይነ ሕሊናዋ ታየው ነበር። ጃኒስ በሩን ትከፍታለች። ስምንት መቶ ኩባያ፣ በስምንት መቶው ላይ የታመመ ቀስተ ደመና፣ ከላይ ቡናማ። ባግናል ኮፍያውን አውልቆ ራሱን ያክካል። «ሎሬይን ብትኖር» ይላል አንዱ፤ ማን እንደሚለው እስካሁን አልወሰነችም፣ ግን ይላል። የጃኒስ ፊት ላይ ስትደርስ ምስሉን ታቆመውና ደግማ ታየዋለች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ጃኒስ ራሷ መጣች። ከበሩ ሁለት ሜትር ርቃ አስፋልቱ ላይ ቆመች። የአፍ መሸፈኛዋን ወደ አገጯ ዝቅ ስታደርግ ጉንጮቿ ላይ የላስቲኩ መስመር ቀርቷል። ከስታለች። ሎሬይን ይህን አየችና ያላየች ሆነች።

«ሰባት ሰዓት ላይ ነው የማበራት» አለች ጃኒስ። «አሥራ አምስት ደቂቃ ነው ያለኝ። ደብዳቤውን ተዪውና ንገሪኝ።»

«ሕግ ነው። ሕግ አክባሪ መሆኔን አታውቂም?»

«በሰኔ ሙቀት ባግናልን ጎማው በፈነዳ መኪና እቃ መጫኛ ውስጥ ቆልፈሽ ምሳሽን የበላሽ ሴት ነሽ። ሕግ አትበይኝ።»

ሎሬይን ልትስቅ ስትል ጥርሷን ነከሰች። «ሳንባዋ አይችለውም ብለሽ የለ? ሳንባዬ የማይችለውን አፌ ለምን ይችላል?»

ጃኒስ ይህንን ስትጠብቅ የቆየች ትመስል ነበር።

«ብያለሁ» አለች። «ደግመው ቢጠይቁኝም እላለሁ። ጥር ላይ ደረጃው ላይ ተደፍተሽ የአስም መተንፈሻሽን ከቦርሳሽ በርብሬ አፍሽ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። ከንፈርሽ እንደዚህ ቱታ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። ይህ በሽታ ሰው የሚገድለው በሳንባው በኩል ነው፣ ሎሬይን። ምን እንድላቸው ነበር የፈለግሽው?»

«እኔን እንድትጠይቂኝ!» ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ፤ ከማዶ አንድ መስኮት ተከፈተ። «አንድ ጊዜ ስልክ ደውለሽ፣ ምን ልበል ብለሽ እንድትጠይቂኝ! ስለ እኔ ሳንባ ከእኔ በፊት ለባግናል ነገርሽው። ዛሬ ነው መጠየቅ ያማረሽ?»

«ልክ ነሽ» አለች ጃኒስ ቀስ ብላ። «መጠየቅ ነበረብኝ። ግን አንቺስ? እናቴን በመስኮት መስታወት በኩል ተሰናብቼ ነው የቀበርኳት። አሥር ሰው ነው የፈቀዱልን። በአራተኛው ቀን ሥራ ገባሁ፣ የሚተካኝ አልነበረም። ጧት ጧት በዚህ ሳልፍ አንቺ አጥር ትቀቢያለሽ። ነፍስ ይማር አላልሽኝም።»

የሐዘን መግለጫ ካርዱ ተገዝቶ፣ አድራሻው ተጽፎበት፣ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ከማንኪያዎቹ ጋር ነበር። ሎሬይን ይህን አልተናገረችም። ብትናገር አንድ ነገር እንደምትሸነፍ ተሰማት።

«ከዚህ ሌላ ነጭ ኩባያ የለንም» ቀጠለች ጃኒስ። «መጋዘኑን ጠርገን ነው የሰበሰብነው። ይህ ትእዛዝ ከተበላሸ ባግናል በሩን ይዘጋዋል። ለስድስታችን ብቻ አይምሰልሽ፤ ለሠላሳችሁም ነው። ቢሳካ ግን ሌላ ሆስፒታል አራት ሺህ ይፈልጋል። ሰው ይጠራል።»

«እኔን ነዋ የሚጠራው» አለች ሎሬይን በሽሙጥ። «በዚህ ሳንባዬ።»

«ማንን እንደሚጠራ አላውቅም። ልዋሽሽ አልፈልግም።»

ብትዋሽ ይሻል ነበር። ያ ውሸት ቢነገራት ሎሬይን ምናልባት ትለሳለስ ነበር፤ ውሸት መሆኑን እያወቀችም። እውነቱ ግን መረራት።

«ካርዱ ስንት ነው ያለሽ?» አለቻት።

«ስምንት መቶ።»

«እንግዲያው ስምንት መቶ ነው።»

ጃኒስ ዓይኗን ዓይኗ ላይ ተከለች። «እውነት?»

«ካርዱን እኔ አልጻፍኩትም» አለች ሎሬይን። ይህ እውነት ነበር፤ ቃል በቃል እውነት።

ጃኒስ መሸፈኛዋን ወደ አፍንጫዋ መለሰች። ስትሄድ «ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ ሰባት መቶ ሃምሳ ትደርሳለች» አለች ከጨርቁ ሥር። «እስከዚያ አውቀዋለሁ። ከዚያ በላይ ያለውን አላውቅም። እደውልልሻለሁ።»

«አትድከሚ።»

ከሰዓት በኋላ ሎሬይን ቀለሙን ጨረሰች፤ ብሩሹን አጠበች፤ ድንች ቀቀለችና ሳትበላው ቀረች። ድሉ የሷ ነበር። ምንም አላደረገችም፤ ምንም ባለማድረግ ብቻ፣ ሕጉንም ሳትጥስ፣ ቂሟን ልትወጣ ነው። ይህን ያህል ንጹሕ በቀል ለማንም አይገጥመውም አለች ለራሷ፤ ደግማም አለች። ሦስተኛ ጊዜ ስትለው ግን ከሃያ ሰባቱ ዓመት ውስጥ አንዱን ጧት አሰበች። ጃኒስ ያኔ አዲስ ነበረች፤ የሙከራ ኩባያዋ ከምድጃ ሲወጣ ተሰንጥቆ አለቀሰች። ሎሬይን «እኔ የሰነጠቅሁት ቢነጠፍ ይህን ከተማ ሁሉ ይሸፍናል» ብላ አጽናናቻት። ያን ሁሉ ተናግራ ስለ መቶ ሃያዎቹ ሳህኖች አለመናገሯ አሁን ገረማት። ተናግራ ቢሆን ኖሮ ካርዱ ይታረም ነበር። ሀሳቡን እንደ ዝንብ እሽ አለችው።

አንድ ሰዓት ከሃምሳ ላይ ስልኩ ጠራ። እስኪያቆም ጠበቀችው። መልእክት ተከተለ። «ሰባት መቶ አርባ። በምድጃዋ መመልከቻ ቀዳዳ አየሁት፤ ቀዩ በጣም ያምራል። ፈራሁ።»

ስልኩን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከታ ወጣች። ሐሙስ ነበር። በየሳምንቱ በዚህ ቀን፣ ምሽት ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ ሰው ሁሉ በየደጃፉ ወጥቶ ለሐኪሞችና ለነርሶች ያጨበጭባል። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ግራና ቀኝ በሮች ተከፈቱ፤ ድስትና የእንጨት ማንኪያ የያዙም ነበሩ። ከማዶ ጎረቤቷ ብሬንዳ በመጥበሻ ክዳኗ ወደ ጃኒስ የተዘጋ በር አመለከተች።

«ዛሬም ሥራ ላይ ናት እንዴ? ምስኪን! ሎሬይን፣ ለሷም እናጨብጭብላት! ኩባያዎቹን የምትሠራው እሷ አይደለችም?»

«እሷ ናት» አለች ሎሬይን።

ጭብጨባው ከመንገዱ ጫፍ ጀምሮ እንደ ዝናብ እየቀረበ መጣ። ሎሬይንም አጨበጨበች። ስልኩ ኪሷ ውስጥ፣ ጭኗ ላይ፣ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ድምፁን ማንም አልሰማውም። እሷ ግን በሽርጡ ጨርቅ በኩል እያንዳንዱን ጥሪ ቆጠረች። ሰባት መቶ ሃምሳ። ዝም አለ። እንደገና ጀመረ። ሰባት መቶ ሃምሳ አምስት ይሆናል አሁን። አፏ ውስጥ አንድ ቁጥር ነበር፤ ምላሷ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ መትፋት ብቻ ነው። የሳህኖቹንም ምስጢር አብራ መትፋት ይኖርባታል። ጃኒስ ትሰማታለች፣ አመሰግናለሁ ትላታለች፣ ነገም በዚህ በአጥሩ በኩል ቱታዋን ለብሳ ታልፋለች። ያ ምስጋና ከምንም በላይ ጠላት ሆኖ ታያት።

ጭብጨባው ሳሳ። ድስቶቹ ዝም አሉ። ሰዎች እጃቸውን እያወዛወዙ በሮቻቸውን መዝጋት ጀመሩ።

«ሎሬይን» አለች ብሬንዳ እየሳቀች፣ «አበቃ እኮ።»

ሎሬይን አላቆመችም። መዳፏ ቀልቶ ይፋጃት ነበር፤ ትንፋሿም ማጠር ጀምሯል። እጆቿ ካረፉ ስልኩን ሊያነሱ የሚገቡት ኪሷ ውስጥ ነው። ባዶው መንገድ ላይ ለብቻዋ፣ በሙሉ ኃይሏ፣ አጨበጨበች፤ ስልኩም መጥራቱን አልተወም።