ከማድሪዱ ማርካ ስር

ፓራቾ ውስጥ ልጅ ዳዴ ማለት ሳይጀምር ኮላ ኮላ ይሸታል። ከተማው እንዳለ ጊታር ሠሪ ነው፤ የማይሠራው ይሸጣል፣ የማይሸጠው ደግሞ ቁጭ ብሎ የሠሪዎቹን ሥራ ያማል። ሮሳልባ ኩዋራ ከሠሪዎቹ ወገን ናት። አባቷ ዶን ክሪስፒን በሳምንት አንድ ደርዘን ርካሽ ጊታር ያወጣል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ነጋዴው በጭነት መኪና መጥቶ ይወስድለታል። ነጋዴው ባዶ እጁን አይመጣም፤ በከረጢት ሙሉ የማርካ ወረቀት ይዞ ነው። አንዱ ቫሌንሲያ ይላል፣ ሌላው ሴቪያ፣ የስፔን ከተሞች ስም መሆኑ ነው፤ ዘውድና አንበሳ የተሳለበትም አለ። የጊታር አፍ ጠባብ ስለሆነ የዶን ክሪስፒን እጅ አይገባም። ስለዚህ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ማርካ የምትለጥፈው ሮሳልባ ነበረች።

«ዛሬ ምን እንሁን አባዬ?» ትለዋለች ኮላውን እያማሰለች።

«ዛሬ ሴቪያ ነን» ይላታል፤ ሁለቱም ይስቃሉ።

እነዚህ ሰዎች ማርካን ከሽንኩርት ልጣጭ አብልጠው አያዩትም ነበር። በኋላ ለመጣው ነገር ሁሉ ሥሩ ይኸው ነው፤ ልጅቷን ክፉ አድርጋችሁ እንዳታዩብኝ ብዬ ነው አስቀድሜ የምነግራችሁ።

ዶን ክሪስፒን በዕድሜው በገዛ ስሙ ያወጣው ጊታር አንድ ብቻ ነው። ሮሳልባ ሞሬሊያ ከተማ ወርዳ ጊታር ልትማር መሆኑን ባወቀ ጊዜ ከነጋዴው ሥራ ጊዜ እየሰረቀ ሁለት ዓመት ሙሉ ሠራው። የፊቱን ጥድ አያቱ ቆርጠው ጣራ ስር ካደረቁት እንጨት አወጣ። ሊጨርስ ሲል መሮው አመለጠውና ከአፉ አጠገብ ወጋው። ሦስት ቀን ምግብ አልበላ አለ፤ ከዚያ የምስር ፍሬ በምታህል የብርቱካን እንጨት ደፈናት። በመጨረሻ ከደብተር ወረቀት ቆርጦ «ክሪስፒን ኩዋራ፣ ፓራቾ። ለልጄ ለሮሳልባ» ብሎ ጻፈና እንድትለጥፈው ሰጣት።

«ዛሬ ምን እንሁን?» አለችው እንደ ልማዷ።

«ዛሬስ እኛው እንሁን» አላት።

ሞሬሊያ የገባችበት የመምህር ኦባንዶ ትምህርት ቤት ትንሽ ነው፤ ተማሪው ግን ትልቅ ትልቅ ጊታር የያዘ ነው። እዚያ ሰው ሲተዋወቅ ስም ከመጠየቁ በፊት ጎንበስ ብሎ በጊታርህ አፍ ያያል። በመጀመሪያው ቀን ፌርሚን የሚባል የፓራቾ ልጅ ጊታሩን ሲያወጣ ሌኦኖር የምትባለው የሐኪም ልጅ ጎንበስ ብላ አነበበችና፣ «እንኳን አመጣኸው፣ በቆሎ መጥበሻ እንጨት አልቆብን ነበር» አለች። ክፍሉ በሳቅ ተንጫጫ። ፌርሚንም አብሮ ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቲማቲም መስሏል። ሮሳልባ የጊታሯን ሳጥን ግማሽ ከፍታ ነበር፤ መልሳ ዘጋችው። ክሩ ተበጥሶብኛል አለች።

ቅዳሜ አገሯ ገባች። አባቷ ከነጋዴው ጋር ደጅ ቆሞ ሲጨቃጨቅ ከከረጢቱ ስር አንድ አሮጌ፣ ጠርዙ የወየበ ማርካ አገኘች፤ ስሙ የገነነው የማድሪዱ ጊታር ሠሪ፣ የሳልቢዴ ቤት ይላል። በደብተሩ ወረቀት ላይ ደርባ ለጠፈችው። ከቁም ነገር አልቆጠረችውም፤ ስንቱን ሺህ ለጥፋለች! ሰኞ ዕለት የክርስትና አባቴ ከስፔን አመጣልኝ አለች።

መምህር ኦባንዶ ጊታሩን ጭኑ ላይ አድርጎ አንድ ክር ነካና ዓይኑን ጨፈነ። «ስሙ፣» አላቸው ለተማሪዎቹ፣ «ርካሹ ይጮኻል፣ ይኼ ግን ይናገራል። ስም በከንቱ አይወጣም።» ከዚያን ቀን ወዲያ ሮሳልባ የክፍሉ ዓይን ሆነች። ምስጋናው የማን እንደሆነ ታውቃለች፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

የዓመቱ መዝጊያ ዝግጅት እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሆነ። ለአባቷ አልነገረችውም። ፌርሚን ግን ደግ ልጅ ነው፤ የደግ ሰው ጣጣው ደግሞ ብዙ ነው፤ ሄዶ ነገረው። የመጀመሪያውን ክፍል ተጫውታ ቀና ስትል ሦስተኛው ረድፍ ላይ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ አየችው። ከጎኑ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አለ፤ በቅጠል ተጠቅልሎ የሚቀቀለው የአገሯ የበቆሎ ሊጥ፣ ኮሩንዳ እንደሆነ ሽታው ሳይደርሳት አወቀች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

እረፍት ሲሆን አባቷ ወደ መድረኩ ጥግ መጣ። መምህሩም መጣ።

«አባቴ ናቸው» አለች፤ አለማለት አትችልም።

«የት ነው አገርዎ ዶን?»

«ፓራቾ፣ ጌታዬ። ክሪስፒን እባላለሁ። ጊታር ሠሪ ነኝ።»

«እሰይ! እንግዲያማ እርስዎን ነው የምንፈልገው።» መምህሩ ጊታሩን ከሮሳልባ እጅ ወሰደና ለአባቷ አቀበለው። «ይህን አይተውታል? የክርስትና አባቷ ከስፔን ያመጡላት። የሳልቢዴ ሥራ ነው። እስቲ እርስዎ ቤት ከሚሠራው ጋር ያወዳድሩልን፤ ተማሪዎቹም ይስሙ።»

ሌኦኖርና ሦስት አራት ልጆች ተጠጉ። ዶን ክሪስፒን ጊታሩን ተቀበለ። ሰው ከጨቅላነቱ ጀምሮ ያሳደገውን ልጅ እንደሚይዝ አድርጎ ያዘው። አውራ ጣቱ የብርቱካን እንጨቷን ሳያይ ሄዶ አገኛት።

«አዩዋት ያቺን ነጥብ?» አለ መምህሩ። «እንዲህ ያለችውን ምልክት የሚተዉት ታላላቆቹ ብቻ ናቸው።»

ዶን ክሪስፒን ጎንበስ አለ። በጊታሩ አፍ አየ። ቆየ፣ በጣም ቆየ። ሮሳልባ የባርኔጣው ምልክት የታተመበትን ግንባሩን እያየች፣ አሁን ይናገራል፣ አሁን ያዋርደኛል፣ እያለች ትጠብቃለች። እንዲናገር ፈለገች፤ ደግሞ እንዳይናገር በልቧ ለመነችው። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ።

ቀና ሲል እሷን አላያትም።

«ልዩነቱማ ብዙ ነው ጌታዬ» አለ። «እኛ እንዲህ አድርገን አንሠራም። ይህን የሠራው ሰው ጊዜ ነበረው። እኛ ቅዳሜ እየደረሰብን ነው የምንሠራው።»

«እውነተኛ ሰው!» አለ መምህሩ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ። «ሰማችሁ? ባለሙያ ማለት ይኼ ነው፤ ልኩን ያውቃል።» ከዚያ ልጆቹን ይዞ ሄደ።

አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ።

«አባዬ…»

«ኮላው በዝቷል» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሲበዛ ጠርዙ ይነሳል፤ ስንቴ ነግሬሻለሁ?» እጁ ባይገባም እንደምንም በጊታሩ አፍ ሁለት ጣት አስገባና የተነሳውን የማድሪድ ጠርዝ በራሱ ስም ላይ ጫን ጫን አደረገው። ከዚያ ጊታሩን መለሰላት። «በይ ይጠሩሻል። ኮሩንዳው ሳይበርድ ለጓደኞችሽ አካፍያቸው።»

ሁለተኛውን ክፍል እንዴት እንደተጫወተች አታውቅም። ሰው ተነስቶ አጨበጨበላት። አባቷም አጨበጨበ፤ መኪና እንዳያመልጠው ብሎ ከሁሉ ቀድሞ ወጣ። እሷ ግን ራሷን እንደ ሌባ ቆጠረች፤ የሰረቀችውንም ሰው ታውቀዋለች።

በማግስቱ መምህሩ ቢሮ ገባች። «ጊታሩ የሳልቢዴ አይደለም» አለችው። «አባቴ ናቸው የሠሩት። ማርካውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ከስሩ የሳቸው ስም አለ።»

መምህሩ መነጽሩን አወለቀ። «ትናንት ራሳቸው በአንደበታቸው እኛ እንዲህ አንሠራም ብለውኛል።»

«እኔን ለማዳን ነው።»

«እስቲ አሳዪኝ።»

እጇን ሰደደች። ጠርዙን ፈልጋ ሳበችው። ኮላ ሲበዛ ሁለት ወረቀት አንድ እንደሚያደርግ የፓራቾ ልጅ ማወቅ ነበረባት። ማርካው ከነደብተሩ ወረቀት ተቦጭቆ ወጣ፤ የአባቷ ጽሑፍ ቀለም ሟምቶ ሰማያዊ ጭቃ ሆኗል። በጊታሩ ሆድ ውስጥ ባዶ እንጨት ቀረ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የሮሳልባስ እውነት ሲነጋ ጠፋ።

«አሳዘንሽኝ» አለ መምህሩ። «አባትሽን ለማክበር ውሸት አያስፈልግሽም። ደግሞ የሳልቢዴን ማርካ መቅደድ! እሳቸው ካንቺ ይሻላሉ።»

ቅዳሜ አገሯ ገባች። አባቷ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ እሷ ከሄደች ወዲህ ማርካ የሚለጥፈው ጫፉ ላይ ጨርቅ በታሰረ ዘንግ ነው። ልትነግረው ስንት ጊዜ በመንገድ ላይ የተለማመደችው ንግግር ደጁ ላይ ስትደርስ ጠፋባት። ጊታሩን ሰጠችው። በመስኮቱ ብርሃን በኩል አድርጎ ወደ ውስጥ አየ፤ ባዶውን ቦታ አየው። የማድሪዱ ብቻ ሳይሆን የእሱም እንደሌለ አየ።

«ይቅርታ አባዬ» አለች።

አልተቆጣትም። ፊቱ ላይ ቁጣ ቢኖር እሷ ባመሰገነች ነበር። ጎንበስ አለና ከጠረጴዛው ስር የነጋዴውን ከረጢት አውጥቶ ፊቷ አስቀመጠው፤ አፉን ፈታላት።

«በይ ምረጪ» አላት። «ዛሬ ምን እንሁን?»

እንደ ድሮው እየሳቀ አልነበረም። የምሩን ነው የጠየቃት። ሮሳልባ ከረጢቱ አጠገብ ቆመች፤ እጇን ግን አልዘረጋችም።