አዲሱ ብየዳ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ የመጋዘን ኃላፊው ግን ጥላውንም የማያምን ሰው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ዕቃ ሲረከብና ሲያስረክብ ስለኖረ፣ የታሸገ ካርቶን እንኳ ሳይከፍት አይፈርምም። ሚስቱ «እኔንም የተረከብከኝ አገላብጠህ አይተህ ነው» እያለች ትስቅበታለች።

አባቱ ሲሞቱ ሁለት ትልልቅ የእንጨት ስፒከሮች ትተው ነበር። ጥንድ ስፒከር መካፈል ጥንድ ጫማ እንደ መካፈል ነው፤ ወንድማማቾቹ ግን ጭቅጭቅ ፈርተው ዕጣ ጣሉና አንድ አንድ ደረሳቸው። መኪና እስኪገኝ የእሱም ድርሻ በታናሽየው፣ በልብስ ሰፊው ቤት ሰነበተ። ማን ያውቃል ብሎ፣ የደረሰው ስፒከር ጀርባ ላይ በማይለቅ ቀለም ፈረመበት። ያለው ወንድም እሱ ብቻ ቢሆንም፣ ዕቃውን ከወሰደ ወዲህ ግን ደጃፉንም ረግጦ አያውቅም። ያ ሰው ከሁለቱ ስፒከሮች ጋር ብቻውን ምን ሲሠራ ሰነበተ የሚለው ሐሳብ እንደ እሾህ ይወጋው ነበር።

ሰሞኑን የስፒከሩ ድምፅ ታፈነ። ዘፋኙ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚዘፍን ይመስላል። ስልኩ ላይ ያየው ቪዲዮ እንደሚለው፣ ወፍራሙን ድምፅ ለትልቁ፣ ቀጭኑን ለትንሹ የምታከፋፍል ሰሌዳ ውስጡ አለች፤ እሷ ላይ ያሉት ካፓሲተር የሚባሉ ትናንሽ ዕቃዎች ሲያረጁ ይደርቃሉ፤ ማንም ሰው መበየጃ ይዞ ሊቀይራቸው ይችላል። «ማንም ሰው» ሲባል እሱንም መጨመሩን ተጠራጠረ፤ ቢሆንም ካቻቢቴውን አነሣ።

ጀርባውን ሲከፍት ክው አለ። አራት ካፓሲተሮች፣ አራቱም አንድ ዓይነት፣ አራቱም አሮጌ። የሦስቱ ብየዳ ጠቁሯል። የአራተኛዋ ግን ያብረቀርቃል።

«እጅ ከፍንጅ!» ብሎ ጮኸ።

«ማንን?» አለች ሚስቱ።

«ወንድሜን ነዋ! የእኔን ደህናዋን ነቅሎ የራሱን ብልሽት ተክሎበታል!»

«አንተ ሰውዬ፣ ስፒከር ነው የምትጠግነው ክስ ነው የምታዘጋጀው?»

ሁለቱንም ነበር። አዳዲስ ካፓሲተሮች ገዛ፤ ሻጩንም ስላላመነው ቁጥራቸውን ከአሮጌዎቹ ጋር እያስተያየ ደጋግሞ አነበበ። ከዚያ አንዱን እየነቀለ በቦታው አዲስ እየተካ፣ ጣቱን እየለበለበ፣ የቀለጠውን እርሳስ ጠረጴዛው ላይ እያንጠባጠበ በየደ። ሲከፍተው ቀጭኑ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። ሚስቱ አጨበጨበች። እሱ ግን ማስረጃውን በወረቀት ጠቅልሎ ሬዲዮ ሠሪው ዘንድ ሄደ።

ሬዲዮ ሠሪው አራቱንም በቴስተር ለካ። «ሦስቱ አልቆላቸዋል» አለ። ብየዳዋ አዲስ የነበረችውን ለይቶ አነሣና «ይቺ ግን ደህና ናት። ባይነቅሏት ገና ትሠራ ነበር» አለው።

«ወንድሜን ታውቀዋለህ እንዴ?»

«እኔ የማውቀው ቴስተሬን ነው።»

እሱንም ጠረጠረውና በዚያው ወደ ልብስ ሰፊው ገሠገሠ።

ታናሽየው ከስፌት መኪናው ቀና አለ። ጥግ ላይ የቆመው ስፒከር ዜና ያወራል፤ ቃሉ ግን አይለይም፣ ጉምጉምታ ብቻ ነው።

«ይሄ ምን ሆኖ ነው?» አለ የመጋዘን ኃላፊው፣ የመጣበትን ረስቶ።

«ከተካፈልን ወዲህ እንዲሁ ነው፣ ጋሼ። እዚህ ሳሉ ብፈትሻቸው ያንተው ውስጥ አንዷ ካፓሲተር ፈንድታ አገኘኋት። ፊርማህ ባይኖርበት ደህናውን እንዳለ እሰጥህ ነበር። ስፒከሩን መቀየር ስላልቻልኩ ከእኔው አንዷን ነቅዬ ተከልኩልህ። ለእኔ ወፍራሙ ድምፅ ይበቃኛል።»

የመጋዘን ኃላፊው ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ ጨመደደው።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ ታምነኝ ነበር?»

«እንዴታ» ሊል አፉን ከፈተ። ወንድሙ ዓይን ዓይኑን ያየዋል። ኀፍረቱ ከእግሩ እስከ ራሱ ወረረው።

«አላምንህም ነበር» አለ።

«አውቃለሁ» አለና ታናሽየው ወደ ስፌቱ ተመለሰ።

«ካቻቢቴና መበየጃ ካለህ አሁኑኑ ልሥራልህ። ለምጃለሁ» አለ የመጋዘን ኃላፊው፣ ደህናዋ ያለችበትን ወረቀት ከኪሱ እያወጣ።

«ለስፒከሩ ከሆነ ተወው፣ ጋሼ» አለ ታናሽየው፣ ከጨርቁ ቀና ሳይል። «ለእኔ ከሆነ ግን ቁጭ በል።»

የመጋዘን ኃላፊው በርጩማውን ሳብ አድርጎ ተቀመጠ።