ያልተሻማችው ኳስ

በማቶዚኞስ ዓሣ ወደብ አዴሊኖን በስሙ የምትጠራው ሚስቱ ኤርሜሊንዳ ብቻ ነበረች፤ ለሌላው ሰው ሁሉ ባለቴስታው ነው። ከሰርዲን ፋብሪካ ወጥቶ ለከተማው ክለብ አጥቂ ሲሆን፣ የሰፈሩ ልጅ ኩስቶዲዮ ከቀኝ ክንፍ ያሻማለታል፣ እሱ ከተከላካዮቹ በላይ ዘሎ በግንባሩ ኳሷን ከመረብ ያገናኛታል። ዝናብ የጠጣ የዚያን ዘመን የቆዳ ኳስ ድንጋይ ነበር። አንዳንዴ ከጨዋታ በኋላ የቤቱ መንገድ ይጠፋውና ኩስቶዲዮ እየሳቀበት ይሸኘዋል። የሊዝቦን ክለቦች ቢጠሩትም "እዚያ ማን ያሻማልኛል?" ብሎ ቀረ።

ጫማውን ሰቅሎ ካረጀ በኋላ መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ የሰው ስም፣ ቀጥሎ መንገዱን፣ በመጨረሻም ሚስቱን። ሐኪሙ ኤርሜሊንዳንና ኩስቶዲዮን አስቀምጦ፣ "ጭንቅላቱን የጎዳው በቴስታ ሲመታው የኖረው ኳስ ሳይሆን አይቀርም" አላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኩስቶዲዮ እህል አልዋጥለት አለ። ያን ሁሉ ኳስ የላከው ማን ሆነና!

ክለቡ አሮጌውን ሜዳ ሊያፈርስ ሲል የጥንት ተጫዋቾቹን ለስንብት ጠራ። አዴሊኖ በኩስቶዲዮ ክንድ ተደግፎ ሣሩን ሲረግጥ ፊቱ በራ። ኮቱን አውልቆ ለኤርሜሊንዳ ሰጣትና ሄዶ ግቡ ፊት ቆመ።

"ኩስቶ! ምን ትጎለታለህ? አሻማ እንጂ!"

ኩስቶዲዮን በስሙ ከጠራው ስንት ጊዜው! ሕዝቡ ብድግ ብሎ "አሻማ! አሻማ!" እያለ አጨበጨበ። አንዱ ኳስ አንከባለለለት።

ኩስቶዲዮ ኳሱን አንሥቶ በእጁ ይዞ ሄደና አዴሊኖን አስታቀፈው።

"በቃ ወንድሜ፣ ጨዋታው አልቋል።"

"ማን አለቀ አለህ? በአየር ነው እንጂ፣ አንተ በግ!" ኳሱን ጣለው። ወዲያው እንደ ሕፃን አለቀሰ። "ምን በድዬህ ነው ኩስቶ?"

ከመቀመጫው ፉጨት ወረደ። "አንተ ምቀኛ! ለሽማግሌ አንዲት ኳስ ትነፍጋለህ?"

ከዚያ በኋላ አዴሊኖ ስሙን ደግሞ አልጠራውም። ኩስቶዲዮ በየእሑዱ እየሄደ ሾርባ ሲያጎርሰው፣ ማን እንደሆነ እንደማያውቁት እንግዳ ያየዋል። ክረምቱ ሲገባ አዴሊኖ ሞተ።

ከቀብር ሲመለሱ ኩስቶዲዮን አላስችል አለው።

"ኤርሜሊንዳ፣ ላሻማለት ይገባኝ ነበር?"

እሷ ሻሿን እያጠበቀች ጥቂት ሄደች።

"አንዲት ብትልክለት ምን ይጨምርበት ነበር? ያለቀ ሰው!" አለችው። ከዚያ ክንዱን ያዘችው። "ግን ብትልካትም እኔ ዓይኔን እጨፍን ነበር።"

ከባሕሩ ጉም እየተነሣ ነበር። ቁልቁለቱን ተያይዘው ወረዱ።