ወደ ሰኔ የሚከፈት ቢሮ

ጥቅምት 4 ቀን፣ ሰኞ፣ አዲሱ የትምህርት ዘመን በተጀመረበት ጠዋት፣ የቢሮ ቁጥር አሥራ አንድ በር ወደ ሰኔ ተከፈተ። የከፈትኩት እኔ ነኝ። ቁልፉ እንደ ወትሮው ትንሽ አስቸገረኝ፤ በሩን በትከሻዬ ገፋ ሳደርገው ከውስጥ የዝናብ ድምፅ መጣ። ውጭ ጠራራ ፀሐይ ነበር። መምህር ልሳነወርቅ በመስኮቱ በኩል ባለው ጠረጴዛቸው ተቀምጠው የፈተና ወረቀት ያርማሉ። የግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ሰኔ 17 ይላል። መምህር ልሳነወርቅ የሞቱት ባለፈው ሰኔ 29 ቀን ነው።

በሩን መልሼ ዘጋሁና ወደ ዲኑ ሄድኩ።

ዲናችን አቶ ምህረትአብ ሳያጣራ የሚናገር ሰው አይደለም። መጥቶ አየ። አንገቱን ወደ ውስጥ አስግጎ ጣሪያውን፣ መስኮቱን፣ ሟቹን በየተራ ተመለከተ።

«ጣሪያው ያፈሳል እንዴ?» አለኝ።

«አያፈስም።»

«ጥሩ» አለና ማስታወሻ ያዘ።

መምህር ልሳነወርቅ በኮሌጃችን ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረዋል። አላገቡም፤ ልጅም የላቸውም። ሲሞቱ ዘመዶቻቸው በኪራይ መኪና መጥተው አስከሬኑን ወደ ትውልድ አገራቸው ወሰዱት። ኮሌጁ ለክረምት ተዘግቶ ስለነበር አብዛኛው መምህርና ተማሪ የሞታቸውን ዜና የሰማው በየሄደበት ነው። ቀብር ያመለጠው ሰው ደግሞ ሲመለስ ለቅሶ መድረስ አለበት፤ ይህ የታወቀ ነው። ችግሩ የሚደረስበት ቤት አለመኖሩ ነበር። የተከራዩትን ክፍል የቤቱ ባለቤት ለአንድ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ አከራይታዋለች። እናም በዚያ ሰሞን አርባ መምህርና በመቶ የሚቆጠር ተማሪ ያልደረሰውን ለቅሶ ተሸክሞ ግቢ ውስጥ ይዞራል። ትምህርት አልጀምር ብሎ ነበር። አንዱ መምህር ክፍል ገብቶ ጠመኔ ይዞ ጥቂት ቆመና ወጣ። ዲኑ የተከፈተውን በር ሲያይ የመጣለት ሐሳብ ለቅሶው እዚህ ይደረስ የሚል ነው።

ከሰዓት በኋላ በሩ ፊት ለፊት፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር ተደረገ። የታሸገ ውሃ ቀረበ። ማስታወቂያም ተለጠፈ፦ «የለቅሶ መድረሻ። ማየት ይቻላል፤ መግባት ክልክል ነው።»

ማክሰኞ በተጠራው ስብሰባ ላይ የታሪክ መምህሩ እጁን አወጣና፣ «ለቅሶ ደረስን ለማለት ሐዘንተኛ ያስፈልጋል። ማንን ነው እግዜር ያጽናህ የምንለው?» ሲል ጠየቀ። ተገቢ ጥያቄ ነበር። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ከመምህር ልሳነወርቅ ጋር ዘጠኝ ዓመት አንድ ቢሮ ተጋርቻለሁ። በሙሉ ድምፅ ተመረጥኩ፤ የከሰዓት ክፍለ ጊዜዎቼም ለሌላ ተሰጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አግዳሚው ጫፍ ላይ በተዋስኩት ጥቁር ኮት ተቀምጬ እውላለሁ። ሰዎች ይመጣሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። በበሩ ወደ ውስጥ ያያሉ፤ አንዳንዱ ያለቅሳል፤ ከዚያ ጎኔ ቁጭ ይሉና ስለ ክፍለ ጊዜ ድልድል ያወራሉ። ሲነሱ «እግዜር ያጽናህ» ይሉኛል። እኔም አሜን እላለሁ። ሐዘንተኛ ሆኖ መመደብ ፈተና እንደ መቆጣጠር ነው፤ ሥራው መቀመጥ ብቻ ነው፤ ቀኑ ግን አያልቅም። በቀን ስልሳ ሰው እጄን ይጨብጠኛል። እንደዚያ ሰሞን ብቸኛ ሆኜ አላውቅም።

ውስጥ ያለው ቀን ከእኛው ጋር እኩል ይሄዳል። እኛ ጥቅምት 6 ስንል እሳቸው ሰኔ 19 ናቸው። ከፔርሙዛቸው ሻይ ይቀዳሉ፤ መነጽራቸውን በክራቫታቸው ይወለውላሉ። ድምፅ አይሰሙም። የታሪክ መምህሩ አንድ ቀን ጮክ ብሎ በስማቸው ቢጠራቸው፣ ብርድ እንደገባበት ሰው ኮሌታቸውን ቀና አደረጉ እንጂ አልዞሩም። አንድ ተማሪ የሚታረመውን ወረቀት በስልኩ አጉልቶ አየና ውጤቱን ሲያውቅ ለቅሶውን ሳይጨርስ ሄደ። እንዲያም ሆኖ ነገሩ ረዳ። በሁለተኛው ሳምንት አብዛኛው ሰው ማስተማርና መማር ጀመረ።

ትሁኔ ግን በየቀኑ ትመጣ ነበር። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ባለፈው ዓመት እናቷ ሲሞቱ መምህር ልሳነወርቅ በየሳምንቱ ዓርብ ቢሮ እያስጠሩ ስለ ትምህርቷ ይጠይቋት ነበር። ስለ እናቷ አንድም ቀን አልጠየቋትም፤ እሷ ግን ሁልጊዜ ስለ እናቷ አውርታ ትሄዳለች። እኔ በወዲያኛው ጠረጴዛ ጋዜጣ የማነብ መስዬ እሰማ ነበር።

ሐሙስ ጥቅምት 14 ቀን ኮሪደሩ ጭር ሲል ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«መምህር፣ ውስጥ የፊታችን ቅዳሜ ሰኔ 29 ይሆናል አይደል?»

«ይሆናል።»

«የዚያን ዕለት ማን ነበር አብሯቸው?»

«ማንም።»

«እርስዎስ?»

«ቤቴ ነበርኩ። ልብስ እያጠብኩ።»

ማንም እንዲህ ፊት ለፊት ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ስለዚህ የቀረውንም ነገርኳት። መምህር ልሳነወርቅ ቅዳሜ ቅዳሜ ቢሮ ገብተው ያርማሉ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ዳማ እንድንጫወት ይደውሉልኛል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲያሸንፉኝ ኖረዋል። የዚያን ቅዳሜ ሰለቸኝ። ስልኩ አልጋዬ ላይ ሦስት ጊዜ ጠራ፤ እኔ ካልሲ እያሸሁ አየሁት። ሰኞ ባትሪ ዘግቶብኝ ነው እላቸዋለሁ ብዬ ነበር። ሰኞ ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ እማማ ዘውዴ ናቸው ወንበራቸው ላይ ያገኟቸው። ሁለት ቀን ብቻቸውን ቆይተዋል።

ትሁኔ ወደ በሩ ተመለከተች።

«አሁንስ ቢደውሉ?» አለች።

«አላውቅም።»

ተነሳች። «እግዜር ያጽናዎት» አለችኝ፤ በእውነት የተባልኩት ያን ጊዜ ብቻ መሰለኝ።

ዓርብ ዕለት ዲኑ በሩ ላይ ጓጉንቸር አስገጠመ። «ቅዳሜን ሰው እንዲያየው አልፈልግም» አለ። «ልጆቹ ገና መረጋጋታቸው ነው።» ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ፤ ቢሮው በንብረት ክፍል መዝገብ በእኔም ስም ነውና።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ጓጉንቸሩን ከፈትኩ። ኮሪደሩ ላይ ሰው የለም። ውስጥ ከባድ ዝናብ ነው። የታረሙት ወረቀቶች በአንድ በኩል ተከምረዋል፤ በሌላ በኩል የዳማው ሰሌዳ ተዘርግቷል፤ ቆርኪዎቹ ተደርድረዋል። መምህር ልሳነወርቅ ስልካቸውን አንስተው ዓይናቸው አጠገብ አድርገው ቁጥር ነካኩ። ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ጠራ።

አነሳሁት።

«ሃሎ፣ ደምሰው?»

«አቤት ጋሼ።»

«ዳማውን ዘርግቼ እየጠበቅኩህ ነው። ዛሬስ አንድ ልተውልህ አስቤያለሁ።»

«ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ። ደረቴን ትንሽ ቀስፎ ያዘኝ እንጂ። ስትመጣ ውሃ ይዘህ ና፤ እዚህ የቧንቧው ጠፍቷል።»

«መጣሁ።»

«ዝናቡ ያባራ፤ አትቸኩል።»

ስልኩን ዘጉ። ለለቅሶ ደራሾች ከተቀመጠው ውሃ አንድ አንስቼ ገባሁ፤ በሩን ከኋላዬ ዘጋሁ። ማስታወቂያውን አይቼዋለሁ።

ውስጡ ይበርዳል። ውሃውን ከፍቼ እጃቸው አጠገብ አስቀመጥኩና ከዳማው ማዶ፣ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። «መጥቻለሁ ጋሼ» አልኳቸው። አያዩኝም፤ በትከሻዬ አሳልፈው በሩን ያያሉ። ሁለተኛ አልደወሉም፤ እመጣለሁ ብያቸዋለሁና። ሰዓታቸውን አዩ፤ እንደገና በሩን አዩ። ፊታቸው የሚመጣለት እንግዳ ያለው ሰው ፊት ነበር። እጃቸውን ያዝኩ። ውሃውን ለመፈለግ ይሁን እኔ ስለያዝኩት አላውቅም፣ ጣቶቻቸው ትንሽ ተንቀሳቀሱ። አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ራሳቸውን ወረቀቶቹ ላይ አሳረፉ። በጣም እንደምወዳቸው ነገርኳቸው። ዘግይቼ ነው።

በሩን ከፍቼ አየሁ። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር የለም፤ ማስታወቂያ የለም፤ የሰኔ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። በዚያ በኩል ወደ ቤት መሄድ የሚቻል ይመስለኛል። ግን ሬሳ ብቻውን አይተውም። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ቅዳሜ አለፈ፤ እሑድም አለፈ። በመካከሉ አልራበኝም።

ሰኞ ጠዋት እማማ ዘውዴ በባልዲ ውሃ ይዘው ገቡ። ባልዲው ወደቀ፤ ጮኹ። ጥበቃዎቹ መጡ፤ ከዚያ አቶ ምህረትአብ መጣ። «ጋሼ! ጋሼ!» እያለ ትከሻቸውን ነቀነቀ። ማንም እኔን አላየኝም። ክርናቸው በውስጤ ሲያልፍ እንደ ነፋስ ተሰማኝ።

ቀጥሎ እኔ መጣሁ። የመጣው የሐምሌ 1 ቀኑ እኔ ነው፤ የሸሚዙን ቁልፍ አዛብቶ ቆልፏል፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ቆመ። መግባት አልቻለም። አሳዘነኝ። በእነዚያ ሁሉ ቀናት ሳዝንለት የመጀመሪያዬ ነበር።

«ና ቁጭ በል፣ ደምሰው» አለው ዲኑ ክንዱን ይዞ።

ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሌላ ወንበር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ላይ እኔ አለሁ። ለመነሳት ጊዜ አላገኘሁም። ላዬ ላይ ተቀመጠ። ምንም ክብደት አልነበረውም። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። የረጠበው የእኔ መዳፍ ነበር።